ካሴቱ አለ፤ ማጫወቻው የት ገባ?

«ካሴቱስ አለ፤ ማጫወቻው ነው የጠፋው።» ይህች አነጋገር ዛሬ በብዙ ቤት ትሰማለች። ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ካሴት ተከማችቷል። ከዘፈኑ ጋር የሠርግ ቀን እልልታ አለበት። ከስደት የተላከ የድምፅ ደብዳቤ አለበት። ዛሬ በሕይወት የሌሉ የእናት ምርቃት አለበት። ዳሩ ምን ያደርጋል? ሁሉም ዲዳ ሆኖ ተቀምጧል። ሊያናግረው የሚችለው መሣሪያ ወይ ለቆራሌው ተሽጧል፣ ወይ ምናለሽ ተራ ገብቶ መዳብ ሽቦው ተለቅሟል።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ወጣት ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ፣ አሮጌ ቴፕና ሚክሰር እያፈላለገ በቤቱ የዲጄ ዕቃ ላደራጅ ሲል ብንሰማ፣ ነገሩን የፋሽን ጉዳይ ነው ብለን ባናልፈው ደግ ነው። ያገለገለ ዕቃ የመግዛት ልማዳችን ከሙዚቃችን ታሪክ ጋር አብሮ የተጠነጠነ ነው። ታሪኩንም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዳር አገር ብንጀምረው ይበልጥ ይገባናል።

ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃና በአብርሃ ጅራ በኩል ቆላ የወረደ መንገደኛ አብደራፊን የሚያገኛት በሰሊጥ እርሻ መካከል ነው። መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ከተማዋን ያጥለቀልቃታል። የሱዳን ድንበር ቅርቧ ነው። ወደ ደቡብ ሲሉ ደግሞ መተማ አለች፤ ጋላባት ከማዶዋ ናት። መተማን የታሪክ መጽሐፍ የሚያነሣት ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ስለሆነች ነው። ጦርነቱ መጥቶ አለፈ፤ ገበያው ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ከዚያም በኋላ አልቀረም።

በዚህ ገበያ ከሚሻገረው አንዱ ዜማ ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ሱዳኖች እንደኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚዘፍኑ ስለሆኑ፣ ዐረብኛ የማይሰማው ጎንደሬ እንኳ ቃሉን ትቶ ዜማውን ለመያዝ አይቸገርም። የነጥላሁን ገሠሠ ዘፈንም እንዲሁ ወዲያ ማዶ አፍቃሪ አላጣም። እውቁ ሱዳናዊ ድምፃዊ መሐመድ ወርዲ በስደት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ መጥቶ ያቀረበው ኮንሰርት እስከ ዛሬ በሁለቱም አገር ሰዎች ይነሣል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ዜማ በምን ተጓዘ? ጥያቄው ወደ መሣሪያው ይወስደናል።

ከሸክላ ወደ ቴፕ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው በዚያ ቆይታቸው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የዚያን ጊዜው ሸክላ እውነትም ሸክላ ነበር፤ ከሼላክ ሙጫ የሚሠራ፣ ሲወድቅ እንደ ገንቦ እንክትክት የሚል። ማጫወቻው በእጅ የሚጠነጠን ግራማፎን ሲሆን፣ በመኳንንቱና በሀብታሙ ቤት ካልሆነ አይገኝም ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ይህን አጥር ደፍሮ የዘለለው የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እነሆ የዘመናዊው ሙዚቃችን ወርቃማ ዘመን የሚባለው በዚህ መንገድ ወደየቤቱ ገባ። አሳታሚውም ድምፃዊውም በ2013 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ማረፋቸው የሚገርም አጋጣሚ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ አምሐ ከአገር ወጣ። የሸክላው ዘመንም ብዙ አልቆየም፤ ካሴት ተካው። የፊሊፕስ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳየው ይህ ትንሽ ዕቃ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስል ነበር። ማተሚያ ፋብሪካ አይፈልግም። ከአንዱ ወደ ሌላው ቤት ውስጥ ይገለበጣል። ቴፑም ኤሌክትሪክ በሌለበት በድንጋይ ይሠራል። በረሃ ወርዶ ሰሊጥ ለሚያጭድ ሰው ከዚህ የሚስማማ ምን ይገኛል?

በከተማ ደግሞ ሰዓት እላፊ ነበር። በደርግ ዘመን ረጅም ዓመታት ሌሊቱ የተከለከለ ስለሆነ፣ ጭፈራው ከአዳራሽ ወጥቶ ሳሎን ገባ። ቴፑ ባንዱን ተካ። ዘፈን እየመረጠ፣ ካሴት እየለዋወጠ፣ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ሌሊቱን የሚያነጋው ወጣት ቃሉን ሳያውቀው ዲጄ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን ብዙ ሺህ ሰው በመተማና በሁመራ ቆላ አድርጎ ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም ተሰደደ። ካሴቱም አብሮት ሄደ። ካሴት ፓስፖርት አይጠየቅም። ጽሕፈት የማይችለው ስደተኛ ለእናቱ በድምፁ ይልካል፤ እናቱም በዚያው ካሴት ጀርባ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ያለው የአገር ታሪክ ትልቁ ክፍል የተጻፈው በወረቀት ሳይሆን በዚህ ቀጭን ቡናማ ክር ላይ ነው።

የሁለት ማጫወቻ ጥበብ

እኛ በአንድ ቴፕ ስንጨፍር፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ከጃማይካ የመጣው ኩል ኸርክ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ የዘፈኑን አታሞ ብቻ እያፈራረቀ ሕዝብ ያስጨፍር ጀመር። ሂፕ ሆፕ የተባለው ከዚህ ተወለደ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ ተመራጭ የሆነው መሣሪያ የጃፓኑ ማትሱሺታ ያወጣው ቴክኒክስ 1200 ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972፣ ዲጄዎች የሚምሉበት ሁለተኛው ዓይነት በ1979 ወጣ። ሞተሩ ያለ ቺንጋ ሳህኑን በቀጥታ ስለሚያዞር ቶሎ ይነሣል፣ በእጅ ሲያዝም አይጎዳም። ኩባንያው በ2010 ማምረቱን አቁሞ፣ ፈላጊው ስለበዛ በ2016 እንደገና ጀመረ። እኛ «ናሽናል» እያልን የተሸከምነውን ሬዲዮና ቴፕ የሠራውም ይኸው ማትሱሺታ ነው።

ገዢ ይጠንቀቅ

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ይጠይቅ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት ነው፤ የእኛው 220። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ የሞገዱን ቁጥር አይለውጥም። የአሜሪካም ሆነ የሳዑዲ ዐረቢያ ሞገድ በሰከንድ 60 ሲሆን የእኛ 50 ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከሞገዱ የሚቀበል አሮጌ ሞተር እዚህ ሲሠካ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል፤ ዘፋኙም የታመመ ይመስላል። ሱዳን ግን እንደኛው 50 ስለሆነች በመተማ በኩል የሚገባ ዕቃ በዚህ በኩል አያስቸግርም።

ሁለተኛ፣ ቺንጋውን ይይ። የጎማ ቺንጋ በዕድሜ ይለጠጣል፣ በቆላ ሙቀት ደግሞ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ሦስተኛ፣ መርፌውን ይመርምር። ያለቀ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል፤ የዛሬውን ቀጭን መርፌም በ78ቱ የድሮ ሸክላ ላይ ማሳረፍ አይገባም። አራተኛ፣ ቴፕ ከሆነ ካሴቱን የሚስበውን ትንሽ ጎማና ክሩን የሚያነበውን «ሄድ» በጥጥና በአልኮል አስጠርጎ ይሞክር። በመጨረሻም በማያሳዝን ካሴት ይሞክር እንጂ የእናቱን ድምፅ ይዞ አይሂድ። ቴፕ ካሴት ሲበላ ይቅርታ አያውቅም።

ዋጋውን ከመከራከር በፊት ግን ጠጋኙን ማግኘት ይበልጣል። እነዚህ መሣሪያዎች ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩት በጥንካሬያቸው ብቻ አይደለም። ከአንዱ ሬሳ አውልቆ ሌላውን የሚያስነሣ እጅ ስለነበረ ነው። ያ እጅ ዛሬ አርጅቷል። ተተኪው ሞባይል ይጠግናል እንጂ ቴፕ አይፈታም።

ዛሬ ዘፈን የሚጫነው በሞባይል ሚሞሪ ነው፤ በአብደራፊም ቢሆን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በር የተሻገሩት ሰዎችም ያላቸውን ዜማና ድምፅ የያዙት በኪሳቸው ስልክ ነው። ያ ስልክ ሲሰበር ምን እንደሚቀር ወደፊት እናየዋለን። ያለፈው ግን በእጃችን አለ፤ የሚያስፈልገው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት አሮጌ ቴፕ ተሸክሞ ወደ ቤት ሲገባ ያየች እናት «ይህን ቆሻሻ ከየት አመጣኸው?» ከማለቷ በፊት ከአልጋዋ ሥር ያለችውን ሻንጣ ታስታውስ። ምናልባት እሷም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትሰማው ድምፅ ይኖር ይሆናል።