ጠያቂው ንጉሥ፣ ተራኪዋ እናት

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ካሠራው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ተቋም ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነውና የኢንቺስ ቤቶች በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። በዚህ ሰፈርም ሆነ በቀረው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ ኖሯል። ስለዚህ ስለ እስልምና የሚነሣው ጥያቄ ለመስጊዱ ኢማም ከመድረሱ በፊት ቡና ላይ ለተቀመጠችው ሙስሊም ጎረቤት ይቀርባል። የእኛን ሥጋ ለምን አትበይም? መሸፈንሽ በፈቃድሽ ነው ወይስ ተገደሽ? ሴት መስጊድ ትገባለች? የምትጠየቀው እርሷ ሆና ሳለ ለመልሱ የምናዘጋጀው ወንዶች ልጆቻችንን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡት ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሲዛወሩ፣ ያ ጥያቄ ከማያውቋት አዲስ ጎረቤቶች እንደገና ይጀምራታል።

ይህ ጥያቄና መልስ በአገራችን ምድር መቼ እንደተጀመረ እናውቃለን። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ ከተሻገሩ በኋላ የቁረይሽ መልክተኞች ሊያስመልሷቸው መጡ፤ ነጃሺም ስደተኞቹን አስጠርቶ ከወገኖቻቸው የለያቸው ይህ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) መለሱ። ይህን እያንዳንዱ የመድረሳ ልጅ ያውቀዋል። ነገር ግን ታሪኩን ማን ነገረን?

በኢብኑ ኢስሐቅ ሲራ ሰንሰለቱ በዙህሪይ፣ ከዚያም በአቡ በክር ኢብኑ ዐብዱረሕማን አድርጎ የሚያበቃው በእናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ዘንድ ነው። ከመጀመሪያ ባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ የተሰደዱት፣ በኋላም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት የሆኑት፣ 378 ሐዲሶች የሚቆጠሩላቸው እናት ናቸው። እኛ ራሳችን ይህን ታሪክ ስናስተምር «ጀዕፈር እንዲህ አሉ» እያልን «ኡሙ ሰለማ እንዳስተላለፉት» የሚለውን ስንዘል ኖረናል። በዚህም ሳቢያ ተማሪዋ ልጅ በዚያ አደባባይ ሴት እንዳልነበረች ቆጥራ ትወጣለች።

እናታችን በዕለቱ በአዳራሹ ውስጥ ቆመው ሰምተው ይሁን ከቆሙት ሰምተው፣ ዘገባው በግልጽ አይለይም። የሚተርኩት «እኛ» እያሉ ነው፤ ከንጉሡ ፊት ከመቅረባቸው በፊት የተደረገውን ምክክር፣ የሚመጣው ቢመጣ ነቢዩ ያስተማሩትን ብቻ ለመናገር የተደረሰበትን ስምምነት፣ በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣ ጊዜ ያደረባቸውን ሐዘን ሁሉ ያካትታሉ። እንደ እኛ ግምት ይህ «እኛ» የመላው ስደተኛ ማኅበረሰብ ድምፅ ነው። የመልሱ ይዘትም ሊጤን ይገባል። የአላህን አንድነት፣ እውነት መናገርን፣ አማናን፣ ዝምድናን፣ ጉርብትናን፣ የየቲምን ገንዘብ አለመብላትን፣ ንጹሕ ሴቶችን በሐሰት አለመክሰስን ይዘረዝራል። ጾምም ስለተጠቀሰ፣ የረመዳን ጾም የተደነገገው በመዲና ነውና ሊቃውንት ተወያይተውበታል፤ ለመምህራን ጥሩ የክፍል ጥያቄ ይሆናል። ዙህሪይ ታሪኩን ለዑርዋ ባወሩ ጊዜ ደግሞ ዑርዋ የነጃሺን የልጅነት ታሪክ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደሰሙት አከሉበት። ስለ ነጃሺ ከምናውቀው እጅግ ብዙው በሁለት ሴቶች አንደበት ያለፈ ነው።

ሴት ወደ ሶላት ስፍራ መውጣቷን በሚመለከት መልሱ አጭር ነው። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃገረዶችና በወር አበባ ላይ ያሉትም ሳይቀሩ ለዒድ እንዲወጡ አዘዋል፤ የኋለኞቹ ከመስገጃው ፈንጠር ብለው ዱዓውን ይካፈላሉ፤ ጂልባብ የሌላትንም እህቷ ታልብሳት ተብሏል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በአዲስ አበባ ስታዲየም በዒድ ጠዋት የሚሰበሰቡት እናቶችና እህቶች ማስረጃቸው ይህ ነው።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚልቀው ግን የአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ጉዳይ ነው። የጀዕፈር ባለቤት ናቸው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ወቅት፣ ከሐበሻ በመርከብ ተመልሰው እናታችን ሐፍሷን ሊጠይቁ በሄዱበት ዑመር (ረ.ዐ.) ገቡና በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል፣ ለመልክተኛውም የቀረብነው እኛ ነን አሏቸው። አስማእ ተቆጡ። እናንተ የተራባችሁን ከሚያበላ፣ ያላወቃችሁን ከሚያስተምር መልክተኛ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅና በባዕድ ምድር ነበርን ሲሉ መለሱ፤ ለነቢዩ ሳይነግሩም እህል ውኃ ላይቀምሱ ማሉ። ኡሙ ሰለማ የሐበሻን መልካም ጉርብትና ሲመሰክሩ አስማእ የስደቱን ምሬት መናገራቸው አያጋጭም፤ መልካም ጎረቤት ያገኘ ስደተኛም ስደተኛ ነውና። በዒድ ንግግራችን የመጀመሪያውን ብቻ መጥቀስ ልማድ ሆኖብናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመርና ለባልደረቦቻቸው አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች ይህን ቃል ከአንደበታቸው ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ አስማእ ይመጡ ነበር፤ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ.) ደግሞ አንዴ ሰምተው አልበቃቸውም፣ ደጋግመው ያስነግሯቸው ነበር።