ባቡሩ ያልወጣው ዳገት

የጅቡቲ ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ዳገቱ ከበደ፣ ወጪውም በዛና ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ነው። ሽቅቡን ጭነት ይዞ የወጣው በቅሎና አህያ ነው። ዋሂልን በመሰሉ የድሬዳዋ ገጠሮች አህያ ዛሬም ጭነት አልወረደላትም።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባለ አራት እግር ማሽን ሠራ። እያንዳንዱን እርምጃ ሾፌሩ በእጅ በእግሩ ስለሚያዝ ቶሎ ይዝል ነበር። በ2005 የመጣው ቢግዶግ ሚዛኑን በራሱ ጠበቀ (ገንዘቡ የአሜሪካ መከላከያ፣ ዓላማውም የወታደር ጓዝ)።

ያስቸገረው ትንሹ እንቅፋት ነው። ለካሜራ ረጅም ሣር ድንጋይ ይመስለዋል፤ በረዶም ደልዳላ መሬት። በ2022 የዙሪክ ተመራማሪዎች አኒማል የተባለውን ሮቦት ያስተማሩት ዓይኑ ያየውን እግሩ ከሚሰማው ጋር እንዲያመዛዝን፣ ሁለቱ ሲጋጩ እግሩን እንዲያምን ነው። አህያ ይህን ያለ ባትሪ ታውቀዋለች። መኪና ለማይገባበት ገበሬ ብሎ ይህን ማሽን የሚሠራ ግን እስካሁን አላየሁም።