የተደራጀ የእግር ኳስ ሥልጠና

የተደራጀ የእግር ኳስ ሥልጠና ዓላማው፣ ጊዜውና መጠኑ አስቀድሞ ታቅዶ ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሚሰጥ ልምምድ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ታዳጊዎች ይህን ሥልጠና የሚያገኙት «ፕሮጀክት» በሚባሉ የታዳጊ ቡድኖች ነው።

ኳስ መቆጣጠር፣ ማቀበል፣ መንዳትና ወደ ግብ መምታት በተደጋጋሚ ልምምድ ይሻሻላሉ። ፕሊዮሜትሪክ የሚባሉት የዝላይ ልምምዶች ፍጥነትንና የመዝለል ኃይልን ይጨምራሉ። 20 ደቂቃ ያህል የሚወስደው «ፊፋ 11+» የተባለ ማሟሟቂያ ደግሞ ጉዳትን ለመቀነስ የተዘጋጀ ነው።

የሥልጠናው ውጤት የሚለካው ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በሚሰጥ ፈተና ነው። ከእነዚህም የ30 ሜትር ሩጫ፣ ሽቅብ ዝላይና በኮኖች መካከል ኳስ መንዳት ይገኙበታል። ታዳጊዎች ግን በዕድገት ብቻም ይፈጥናሉ፣ ይጠነክራሉም። ስለዚህ ውጤታቸው ሥልጠናውን ካልወሰዱ እኩዮቻቸው ጋር ካልተነጻጸረ፣ መሻሻሉ ከሥልጠናው የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

የሚነጻጸሩት ቡድኖች የሚኖሩበት ከፍታም መቀራረብ አለበት፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ተጫዋች ቶሎ ይደክማል። ለምሳሌ በደቡብ ወሎ ዞን ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአጎራባቹ የአምባሰል ወረዳ መሬት ደግሞ ከቆላ እስከ ደጋ ይለያያል። በመሆኑም የሁለቱን አካባቢ ተጫዋቾች ጽናት ለማወዳደር የመጡበትን ቀበሌ ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል።