ጨውና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ

በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታያል። አቧራ ወይም ሻጋታ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨው ነው። ምግብን ከመበስበስ የሚጠብቀው ጨው በድንጋይ ውስጥ ሲረጋ አፍራሽ ይሆናል። ቅዱሳት ሥዕላት ያሉበትን ግድግዳ ለመጠበቅ ይረዳ ዘንድ ምክንያቱን በአጭሩ እናቀርባለን።

ጨው እንዴት ይገባል?

ጡብ፣ አሸዋማ ድንጋይና የኖራ ልስን በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሏቸው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ግድግዳውም የመሠረቱን እርጥበት በእነዚህ ቀዳዳዎች ይስባል። ውኃው ከአፈርና ከሲሚንቶ ያሟሟውን ጨው ይዞ ይወጣል፤ እርሱ ሲተን ጨው ግን በዚያው ይቀራል።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ጨው ክሪስታል ሆኖ ይረጋል። ክሪስታሉ የቀዳዳውን ግድግዳ ሲነካ ማደጉን አያቆምም፤ በመካከላቸው በሚቀረው እጅግ ቀጭን የውኃ ሽፋን በኩል አዲስ ጨው ስለሚደርሰው ግድግዳውን እየገፋ ያድጋል። ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ክብደት ቢሸከምም ከውስጥ የሚለጥጠውን ኃይል ግን እምብዛም አይችልም፤ ስለዚህም ይሰነጠቃል።

ጨው በግድግዳው ገጽ ላይ ከረጋ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከገጹ በታች ከረጋ ግን ልስኑን ከነሥዕሉ ከኋላ ገፍቶ ይጥላል። የገበታ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን ይሟሟል፤ ከዚያ ሲወርድ እንደገና ይረጋል። ጉዳቱ የሚበረታው በዚህ ምልልስ ነው። ሶዲየም ሰልፌት የተባለው ጨው ደግሞ ውኃ ይዞ ሲረጋ መጠኑ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል።

የቬኒሱ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን

የወንጌላዊው ዐፅም ከእስክንድርያ የተወሰደበት ይህ ሕንፃ ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. 187 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የባሕር ሙላት ተጥለቅልቆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል፤ በጡብና በእብነ በረድ የገባው ጨው ግን ቀርቶ ለዓመታት ይሠራል።

ምን እናድርግ?

ነጩን ዱቄት በውኃ አንጠብ፤ ውኃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋልና። ሥዕል በሌለበት ቦታ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እናንሣው። ሥዕል ባለበት ግን ባለሙያ ሳይጠራ እጃችንን አናሳርፍ። አስቀድመን የእርጥበቱን ምንጭ እንፈልግ፦ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተደፈነ የውኃ መውረጃ፣ በግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር። ያረጀን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ለጊዜው ያማረ ቢመስልም እርጥበቱን አፍኖ ጨዉን በውስጥ ያከማቻል፤ አዲስ ጨውም ይጨምርበታል። የአባቶቻችን የኖራ ልስን ግን እርጥበትን ያስወጣል፤ ጨው ሲበላውም ድንጋዩ ተርፎ ልስኑ ብቻ ይታደሳል። የወደቀ ልስን ይተካል፤ ከእርሱ ጋር የወደቀ ጥንታዊ ሥዕል ግን አይተካም።