ከጠመንጃ ወደ መነጽር፦ ወፍን የማየት ታሪክና የመሣሪያ ምርጫ



ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ብቅ ያለን ወዳጅ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ነው እንዴ የምትታየው?» እያልን መውቀስ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚህ አነጋገር የመስቀል ወፍ ከአደይ አበባ ጋር መጥታ ከአደይ አበባ ጋር የምትሄድ እንግዳ ናት። ነገር ግን በዚህ ስም ከምንጠራቸው አዕዋፍ መካከል፣ በክረምቱ መውጫ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው በማሳው ላይ የሚታዩት ወንዶቹ፣ የመራቢያ ወቅታቸው ሲያበቃ ያን ደማቅ ላባ ጥለው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ከሌሎች ትናንሽ ወፎች መንጋ ጋር ተደባልቀው እህል ሲለቅሙ ይከርማሉ፤ እኛም በአጠገባቸው እናልፋለን፤ አናውቃቸውም። ወቀሳው የሚገባው ለወፏ ሳይሆን ለተመልካቹ ነው ማለት ይቻላል።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ተመልካችና በእጁ ስለሚይዘው መሣሪያ ነው። ላስረዳ የምፈልገው ነጥብ አንድ ነው፦ ሰው ወፍን ለማወቅ የመረጠው መሣሪያ፣ ስለ ወፉ ምን ሊያውቅ እንደሚችል ወስኖበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ያ መሣሪያ ጠመንጃ ነበር፤ በ20ኛው መነጽር ሆነ። ለውጡ እንዴት እንደመጣ ካየን በኋላ፣ ዛሬ መነጽር የሚገዛ ሰው ምን ማመዛዘን እንዳለበት እናነሣለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገራችን አዕዋፍ በዘመናዊው ሳይንስ መዝገብ መግባት የጀመሩት በጥይት ተመትተው፣ ቆዳቸው ተገፍፎ፣ ገለባና ጥጥ ተሞልተው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጣው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰባቸውን ናሙናዎች በከተማው ወደሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ላከ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ትልቁን ቁራ፣ አንገቱ ነጭ የሆነውን የደጋ ርግብ፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ በሳይንሳዊ ስም ለዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሩፔልን በጭካኔ መክሰስ ግን ታሪክን አለመረዳት ይሆናል። አንድ ትንሽ ወፍ ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆና ለዓይን የጥላ ያህል ብቻ በምትታይበት ዘመን፣ የላባዋን ቀለም በእርግጠኝነት ለማወቅ ከመግደል የተሻለ መንገድ አልነበረም። አሜሪካዊው ኤሊዮት ኩዝ በ1874 ለወፍ አጥኚዎች ባሳተመው መመሪያ ከመሣሪያዎች ሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃን ነው።

ይሁን እንጂ ጠመንጃው የሚሰጠው ዕውቀት ወሰን ነበረው። ለዚህ ከራሳችን ምድር የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ኢጣሊያዊው መስፍን ዩጂኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከተረፈው ስብስብ ውስጥ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ክንፉ ላይ ደማቅ ቀይ ያለበት አንድ የቱራኮ ወፍ ተገኘ። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለው የአገሩ ሰው በ1896 ወፉን በሟቹ ስም ሰየመው። ነገር ግን በናሙናው ላይ የት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል። በመሆኑም ሳይንስ ወፉን በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ይዞ፣ በሕይወት የሚኖርበትን ስፍራ ሳያውቅ ዐሥርተ ዓመታት ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቦረናና የጉጂ እረኞች ወፉን በዛፎቻቸው ላይ እያዩት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሬሳው መልኩን ነገረን፤ ኑሮውን ግን ይዞት ሄደ።

አሁን ወደ መነጽሩ እንለፍ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበረው ባለሁለት ዓይን መነጽር በትያትር ቤት የሚያዘው ዓይነት ነበር፤ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያቀርባል፤ ከዚያ በላይ እንዲያቀርብ ከተሠራ የሚያሳየው ስፍራ እየጠበበ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ይሆናል። ሌላው የቴሌስኮፕ ዓይነት ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን ዓለሙን ገልብጦ ነው። ኢጣሊያዊው ኢግናዚዮ ፖሮ በ1854 ብርሃኑን በመስተዋት ፕሪዝሞች ውስጥ እያጠፈ ምስሉን የሚያቀና ሥርዓት ፈጠረ። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም የዘመኑ መስተዋት ጥራት አልፈቀደለትም። በ1880ዎቹ በጀርመን የና ከተማ ኦቶ ሾትና ኤርንስት አቤ አዳዲስ የመስተዋት ዓይነቶችን ካዘጋጁ በኋላ ነው፣ በ1894 የካርል ዛይስ ፋብሪካ ዛሬ የምናውቀውን ባለፕሪዝም ቢኖኩላር ለገበያ ያቀረበው።

መሣሪያው ብቻውን ግን ልማድን አይለውጥም። በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ያጌጥ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን በ1886 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ 700 ባርኔጣዎችን ቆጥሮ በ542ቱ ላይ ላባ ወይም ሙሉ ወፍ አገኘ። ተቃውሞውን ከመሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ሴቶች ነበሩ። ፍሎረንስ መሪያም በ1889 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንባቢዎቿ ጠመንጃውን ትተው የትያትር መነጽራቸውን ይዘው ወደ መስክ እንዲወጡ አስተማረች። ቻፕማን ደግሞ በ1900 የገና ዕለት፣ ሰዎች በቡድን ተከፋፍለው ያገኙትን አውሬና ወፍ በሚገድሉበት የውድድር ልማድ ፈንታ ወፎችን እንዲቆጥሩ ጥሪ አቀረበ። በ25 ስፍራዎች 27 ሰዎች ወጡ። ቆጠራው እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በ1901 ደግሞ፣ ቀድሞ ራሱ ወፍ ይገድል የነበረው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሉስ፣ በትዕግሥት ተቀምጦ የወፍን ጠባይ መመልከት ከናሙና ክምችት የሚበልጥ ዕውቀት እንደሚሰጥ የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ።

አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። ወፍ ሳይገድል «ይህን አየሁ» የሚል ሰው በምን ይታመናል? መልሱን የሰጠው ወጣቱ ሠዓሊ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ነው። በ1934 ባሳተመው የመስክ መመሪያ እያንዳንዱን ወፍ ከሩቅ በሚታይ መልኩ ሥሎ፣ ከሌሎች የሚለይበትን ነጥብ በአጭር መስመር አመለከተ። የመጀመሪያው እትም 2,000 ቅጂ ወዲያው አለቀ። በ1935 ደግሞ በዛይስ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ የመስተዋቱን ገጽ በስስ ሽፋን መቀባት ብርሃን እንዳይንጸባረቅ እንደሚያደርግ አሳየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልተቀባ እያንዳንዱ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ 10 ገጾች ያሉት መነጽር ከገባበት ብርሃን ሲሶውን አባከነ ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ለውጥ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። ማኅበሩ በ1996 ለአዕዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ስፍራዎችን ለይቶ አሳተመ። በነገሌ አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ የሚኖረውን ትንሽ የሣር ወፍ ተመልከቱ፦ ሳይንሳዊ ስሙ በ1975 ሲሰጠው መነሻው አንድ ናሙና ነበር። ዛሬ የግጦሽ መሬቱ እየተመናመነ ቁጥሩ እጅግ አንሷል። እንዲህ ያለውን ወፍ በጠመንጃ ማጥናት መጨረስ ነው። በሜዳው ላይ ተሰልፎ እየተራመዱ፣ በመነጽር እየለዩ መቁጠር ብቻ ነው የሚቻለው።

እንግዲህ መነጽር የሚገዛ ሰው ምን ይምረጥ? በመሣሪያው ላይ የምታነቡት 8×42 የሚል ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት፤ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። ለ8×42 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10×42 4.2፣ በኪስ ለሚገባው 8×21 ደግሞ 2.6 ገደማ ነው። ንጋት ላይ ወይም በሐረና ጫካ ጥላ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፦ 8×42 ከ8×21 አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ እንደ እኔ ሃምሳዎቹን የያዘ ሰው ግን ከ5 ብዙም ስለማያልፍ፣ ከዚያ በላይ መክፈል ለእኔ ቢጤ ትርፍ የለውም።

ጀማሪዎች አብዝቶ የሚያቀርበውን ይመኛሉ። እኔም በወጣትነቴ ተታልያለሁ። ከአንድ ሱቅ እንደ ልብ የሚያቀርብና የሚያርቅ፣ መስተዋቱ እንደ ሩቢ የቀላ መነጽር ገዛሁ። ወፉን ሳይሆን የእጄን መንቀጥቀጥ አጉልቶ አሳየኝ፤ ቀዩ ሽፋንም ቀለሙን ሁሉ አበላሸው። መነጽሩ ዐሥር እጥፍ ካቀረበ የእጅ መንቀጥቀጥንም ዐሥር እጥፍ ያጎላል፤ የሚያሳየውም ስፍራ ይጠባል፤ በቅርንጫፍ መካከል የምትዘልን ወፍ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው 8×42 እመክራለሁ። ክፍት በሆነ ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሰው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ቢጨምርበት ይጠቀማል። የዓይን መነጽር የምታደርጉ፣ ዓይናችሁን ከመሣሪያው 15 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ አርቃችሁ ሙሉውን ስፍራ ማየት መቻላችሁን አረጋግጡ። ውስጡ በናይትሮጂን የተሞላና ውኃ የማያስገባ ቢሆን የባሌ ጭጋግ አያደበዝዘውም። ከመክፈላችሁ በፊት መሣሪያውን ከዓይናችሁ አርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ የምታዩት የብርሃን ክብ ድፍን መሆን አለበት፤ ጠርዙ የተቆረጠ መስሎ ከታያችሁ ፕሪዝሙ ደካማ ነው። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አትመልከቱበት። የትምህርት ክፍሎቻችን ደግሞ አምስት ርካሽ መነጽር ከሚገዙ ሁለት ደኅና ቢገዙ እመርጣለሁ።

ይህን የምለው ከልምድ ነው። ጥቂት ዓመታት በፊት 14 ተማሪዎችንና ሁለት መነጽር ይዤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለው የገፈርሳ ግድብ ሄጄ ነበር። ክንፈ ሰማያዊዎቹ ዝዮች በዳርቻው ቆመዋል፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እያዩ «ዕረፍት ላይ» ብለው ይመዘግባሉ። ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት መጥተው ምን እንደምንጽፍ ጠየቁ። ነገርናቸው። «ቀን ቀንማ ምን ይሠራሉ?» አሉ፤ «ሣሩን የሚግጡት ማታ ነው። ሌሊት መጥታችሁ ጻፉ።» እውነታቸውን ነበር፤ ይህ ዝይ በአብዛኛው በሌሊት እንደሚመገብ በምርምር ጽሑፎችም ተመዝግቧል። አንዲት ተማሪ «አባባ፣ እስቲ በዚህ ይዩት» ብላ መነጽሩን ሰጠቻቸው። ብዙ ቆይተው አንዱ ዝይ ክንፉን ዘርግቶ ሲያራግብ አዩት። «ለካ ሰማያዊ አለበት» አሉ። ወፉ በኦሮምኛ የሚጠራበትንም ስም ነገሩን፤ ተማሪዎቹ ከሩፔል ስም ጎን ጻፉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መሣሪያ ሳስተምር እኒያን አዛውንት አስታውሳለሁ። ጠመንጃ የያዘው ተመራማሪ እርሳቸውን የመጠየቅ ግዴታ አልነበረበትም፤ የሚፈልገውን ወፍ በከረጢቱ ይዞ ይሄዳል። መነጽር የያዘ ሰው ግን ወፉን እዚያው ትቶት ስለሚሄድ፣ ወፉም ስፍራውም አብረውት የሚኖሩት ሰዎችም ነገ እንዲኖሩ ያስፈልገዋል። አገራችን ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች አሏት። አብዛኞቹን ለሳይንስ የሰየሙልን የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ያ አልፏል። ምን ያህል እንደቀሩ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ በየቋንቋዎቻችን ምን እንደሚባሉ መመዝገብ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ ካልሠራነውም የሚሠራልን የለም።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው ወር፣ አዝመራ ወዳለበት ማሳ ሂዱ። የወፎቹ መንጋ ሲያርፍ በመነጽራችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ከቡናማዎቹ መካከል ገና ላባውን ለውጦ ያልጨረሰ፣ ደረቱ ላይ የቀይ ወይም የጥቁር ቅሪት ያለበት አንድ ወፍ ታገኙ ይሆናል። ቀኑን፣ ስፍራውንና ቁጥሩን ጽፋችሁ አምጡልኝ።