ቢዩፈርትን ከጓሮ በኩል

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ አትላንቲክ ዳርቻ ላይ ባለችው ቢዩፈርት ከተማ፣ ፕሪንስ ጎዳና ቁጥር 511 ላይ ሰፊ በረንዳ ያለው ነጭ ቤት አለ። በ1839 ከዚህ ቤት ጀርባ በነበረች ጎጆ ውስጥ አንድ ልጅ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ያው ልጅ በ1915 ሲሞት በዋናው ቤት ውስጥ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ሆኖ፣ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 5 የምርጫ ዘመን አገልግሎ። ከጓሮ እስከ ሳሎን ያለው መንገድ ጥቂት እርምጃ ነው። ሮበርት ስሞልስ ግን እሱን ለመሻገር መርከብ መንጠቅ ነበረበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢዩፈርት በ1711 የተቆረቆረች፣ በግዛቱ ከቻርልስተን ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛዋ ከተማ ናት። ጎብኚ በፈረስ ጋሪ ተቀምጦ በጥላማ መንገዶቿ ሲዞር የሚያየው ውበት ነው። ከኦክ ዛፎቹ ቅርንጫፍ እንደ ሽበት ጢም የሚንጠለጠል ግራጫ ተክል፣ ወደ ወንዙ የሚመለከቱ ባለ ሁለት ፎቅ በረንዳዎች፣ ፎረስት ጋምፕን የመሰሉ ፊልሞች የተቀረጹባቸው ቦታዎች። ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ብዙ የደቡብ ከተሞችን አመድ ሲያደርግ እነዚህ ቤቶች እንዴት ተረፉ?

መልሱ ያለው በአንድ ቀን ውስጥ ነው፤ ኅዳር 7 ቀን 1861። የሰሜኑ ባሕር ኃይል ፖርት ሮያል ወሽመጥ ገብቶ ምሽጎቹን ሲደበድብ፣ የቢዩፈርትና የአካባቢው ነጭ ባለርስቶች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ባሪያ አድርገው ይገዟቸው የነበሩ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ግን አልሸሹም፤ ቀሩ። ከተማዋ ገና ከጦርነቱ መጀመሪያ በሰሜኑ እጅ ስለገባች አልተቃጠለችም፤ ትልልቆቹ ቤቶች ሆስፒታልና የጦር መምሪያ ሆኑ። ክሬቨን ጎዳና ላይ ዛሬም የሚታየው፣ በልማድ "የመገንጠል ቤት" የሚባለው ሕንፃ አለ። ደቡብ ካልተገነጠለ ብለው የሚመክሩ ፖለቲከኞች ይሰበሰቡበት ነበር ይባላል። የመከሩበት ቤት ራሱ በጠላታቸው እጅ ወድቆ ነው ለዛሬ የደረሰው።

የስሞልስን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የከተማዋን ካርታ በእጁ እንደያዘ ይቆጠራል። በ12 ዓመቱ ወደ ቻርልስተን ተልኮ እየሠራ ደሞዙ ለጌታው ይከፈል ነበር። በ23 ዓመቱ ፕላንተር በተባለ የደቡብ ጦር የትራንስፖርት መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1862 ሌሊት፣ ነጮቹ መኮንኖች ከመርከቧ ወርደው ሳለ፣ የካፒቴኑን የሰሌን ባርኔጣ አጥልቆ ባለቤቱንና ልጆቹን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዞ ተነሣ። ምሽጎቹን አንድ በአንድ ትክክለኛውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ አለፈ፤ ፎርት ሰምተርንም ጭምር። ከዚያ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መርከቧን ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከበ።

ሽልማቱን ይዞ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። የፌዴራሉ መንግሥት የሸሹትን ባለርስቶች ንብረት ባልተከፈለ ግብር ምክንያት በጨረታ ሲሸጥ፣ የጌታውን የማኪን ቤት ገዛ። ከጦርነቱ በኋላ የቀድሞው ወገን ቤቱን ለማስመለስ ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1878 ለስሞልስ ተፈረደ። ነገሩ የአንድ ቤት ክርክር ብቻ አልነበረም። በተመሳሳይ ጨረታ ቁራሽ መሬት የገዙ ነፃ የወጡ ሰዎች ሁሉ ዕጣ በዚያ ፍርድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ስለዚህ ቢዩፈርትን ለማየት የሚሄድ ሰው ጉብኝቱን ከፊት በረንዳ ሳይሆን ከጓሮ ይጀምር እላለሁ። ፕሪንስ ጎዳና ቁጥር 511ን ከመንገድ ላይ ካየ በኋላ፣ በእግሩ ጥቂት ተጉዞ ታበርናክል ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ይደርሳል። የስሞልስ መቃብርና ሐውልት እዚያ ነው። በዚያው ግቢ በ2024 የሃሪየት ተብማን ሐውልት ቆሟል። ተብማን በሰኔ 1863 ከሰሜኑ ወታደሮች ጋር የኮምባሂን ወንዝ ወጥታ ከ700 በላይ ሰዎችን ነፃ ያወጣችው ከዚህ አካባቢ ተነሥታ ነው።

በብሔራዊው የወታደሮች መቃብር ደግሞ የ19 ጥቁር ወታደሮች አጽም አለ። ለደቡቡ ነፃነት ከማሳቹሴትስ የዘመቱ ናቸው። ከቻርልስተን አጠገብ ባለች ደሴት አሸዋ ሥር ተቀብረው ከቆዩ በኋላ በ1987 ተገኙ፤ በ1989 በወታደራዊ ክብር እዚህ አረፉ። ከተማዋን ወጣ ብሎ ፖርት ሮያል ውስጥ ካምፕ ሳክስተን አለ። ጥር 1 ቀን 1863፣ የሊንከን የነፃነት አዋጅ በጸናበት ቀን፣ በዚያ ባሉ ኦክ ዛፎች ሥር ለሺዎች ተነበበ።

ድልድዮቹን ተሻግረው ሴንት ሄሌና ደሴት ሲገቡ ብሪክ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ይጠብቃል። በ1855 ጡቡን የደረደሩት ባሪያዎች ናቸው፤ እሑድ እሑድ ግን ቦታቸው ሰገነቱ ላይ ነበር። ባለርስቶቹ ሲሸሹ ሰገነቱ ላይ የነበሩት ወርደው መሬት ቤቱን ያዙ። ከመንገዱ ማዶ በ1862 ለነፃ ወጪዎች የተከፈተው የፔን ትምህርት ቤት ግቢ አለ። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚያድርበት ቦታ በደቡብ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግና ባልደረቦቹ ለስብሰባ የመጡት እዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ትንሽ አካባቢ ታጭቆ ሳለ መንግሥት ይህን የመልሶ ግንባታ ዘመን የሚዘክር ብሔራዊ ሥፍራ ያቋቋመው በ2017 ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሞክሮ ነበር፤ የደቡብ ተዋጊዎች ልጆች ነን የሚሉ ማኅበርተኞች ተቃውመው ከሸፈ። ዝምታው ግን የቆየ ነው። በ1895 ግዛቱ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚገፍ ሕገ መንግሥት ሲያወጣ ስሞልስ ከ6ቱ ጥቁር ልዑካን አንዱ ነበር፤ አልፈርምም አለ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የተነጠቀ ሕዝብ ሐውልት የሚያቆምበት ምክር ቤት አልነበረውም። የድንጋይ መታሰቢያ የሚተከለው ብዙ ጊዜ ለሞተው ጀግና ትልቅነት ሳይሆን ለቀረው ወገን ሥልጣን ነው።

የቢዩፈርት ጉዳይ ግን ያለፈ ወሬ አይደለም። በ1860ዎቹ መሬት የገዙት ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ገላ ጊቺ የሚባሉት፣ ዛሬም በሴንት ሄሌና ይኖራሉ። አፍሪካዊ ሥር ያለው የራሳቸው አነጋገር፣ የራሳቸው የሩዝ ምግብ፣ የራሳቸው የሣር ቅርጫት ሥራ አላቸው። ብዙው መሬት ያለ ኑዛዜ ለወራሾች በጋራ ስለወረደ አንድ ወራሽ ድርሻውን ሲሸጥ ሙሉው መሬት በፍርድ ቤት ለጨረታ ሊቀርብ ይችላል። በዚያው አውራጃ ያለችው ሂልተን ሄድ ደሴት ከ1950ዎቹ ወዲህ የመዝናኛና የጎልፍ ደሴት ሆናለች። ሴንት ሄሌና የጎልፍ ሜዳና የታጠረ መንደርን የሚከለክል ደንብ አላት፤ በ2023 አንድ አልሚ ይህን ለማስለወጥ ሲጥር ነዋሪው ተሟግቶ የአውራጃው ምክር ቤት ደንቡን አጸና። የስሞልስ የጨረታ ክርክር በሌላ ስም እንደቀጠለ ነው።

በአትላንታ የምትኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ወደ ሳቫና ስትወርዱ፣ ቢዩፈርት ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ናት። ክሬቨን ጎዳና ላይ በድሮው የእሳት አደጋ ጣቢያ ያለው የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካርታ ይሰጣችኋል። በረንዳዎቹንም ፎቶ አንሱ፤ ያምራሉ። ስታነሱ ግን በረንዳውን ማን አነጸው፣ ማን ሸሸበት፣ ማንስ መልሶ ገዛው ብላችሁ አስጎብኚውን ጠይቁት። መልስ ከሌለው፣ ፕሪንስ ጎዳና ሩቅ አይደለም።