ደመወዝ የቀረባቸው የፈርዖን መቃብር ሠሪዎች

ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ፒራሚዱና ወርቁ ነው። ያን ሁሉ የሠራው ሰው ምን በልቶ እንዳደረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ ራምሴስ ሣልሳዊ በነገሠ በ29ኛው ዓመት፣ በነገሥታት ሸለቆ መቃብር የሚፈለፍሉና ግድግዳውን በሥዕል የሚያስጌጡ የዴር ኤል መዲና መንደር ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ደመወዛቸው ስንዴና ገብስ ነበር፤ ወሩ ከገባ 18 ቀን ቢያልፍም አልደረሳቸውም። በቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀምጠው ረሃብና ጥም እንዳመጣቸው፣ ልብስም ዓሣም አትክልትም እንደሌላቸው ተናገሩ። አቤቱታቸው ለፈርዖን ይጻፍ አሉ።

በጽሑፍ ከተገኙት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። በፓፒረስ የመዘገበው ጸሐፊው አሜንናክት ሲሆን፣ ሰነዱ ዛሬ በጣሊያን ቱሪን ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

እህሉ ተሰጣቸው። መዘግየቱ ግን ተመላለሰ፤ አድማውም ተደገመ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በራምሴስ ዘጠነኛ ዘመን፣ የነገሥታቱና የቤተ ሰባቸው መቃብሮች ተዘረፉ። ከተከሰሱት ሌቦች መካከል የዚያው መንደር ሠራተኞች ነበሩበት።

መንግሥት ለሙታን ቤት ሲያስጌጥ የሠሪውን ጉሮሮ ረሳ። በሩን የዘጋው እጅ ደግሞ ሲርበው እንዴት እንደሚከፍተው ያውቃል።